ከጅብ ጥላ ስር የወጣች እግር

ጌድዮን በሰፈሩ ቀብር የማያመልጠው ሰው ለመሆን የበቃው በደግነት አልነበረም፤ በቅጣት ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሦስት ቀብር በተከታታይ ቀርቶ፣ አራተኛውን ከቀረ ከእድር እንደሚሰረዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ማህተም አለው፤ ግርጌው ላይ «ግልባጭ፦ ለፋይል» ይላል። ያመጣለት የእድሩ ጸሐፊ ሀምዳን ነው። ሀምዳን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ከጌድዮን ሞባይል ጥገና ጎን ምንጣፍና መጋረጃ ይሸጣል። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም የሻይ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። ያን ቀን ግን ሀምዳን ደብዳቤውን በቀዳዳው አላቀበለም። ዞሮ፣ በበሩ ገብቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «እዚህ ጋ ፈርም» አለ።

«አንተ፣ አሁን ሻይ አብረን ጠጥተን የለም እንዴ?»

«ሻይ የጠጣው ሀምዳን ነው። አሁን የመጣሁት እድር ሆኜ ነው።»

ጌድዮን ፈረመ፤ አራተኛው ቀብር ላይም ተገኘ። ሟች ማን እንደነበሩ ዛሬም በቅጡ አያስታውስም። የሚያስታውሰው የደብሩን ግቢ ነው። ከአጥሩ ውጭ የታክሲ ረዳት ይጮኻል፤ አጥሩን አልፈው ሲገቡ ግን የጥድና የወይራ ጫካ ነው፤ ሐምሌ ላይ መሬቱ ጫማ ይውጣል። ፍትሐቱ ረዘመ። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው በየዛፉ ስር ሦስት አራት ሆነው ስለ መሬት ዋጋ፣ ስለ አርሰናልና ስለ ሟች፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ያወራሉ። ጌድዮን መሬት የለውም፤ ኳስ አይወድም፤ ሟችን አያውቅም። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ሲያይ፣ የበሰበሰ ጉቶ ላይ ምስር የምታክል ጢንዚዛ አየ።

ኪሱ ውስጥ ስልክ ላይ የሚሰካ ማጉያ ሌንስ ነበር፤ የሞባይል ቦርድ ላይ የተበጠሰ መስመር የሚፈልግበት። ሰክቶ አነሳት። ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ጀርባዋ አረንጓዴ ነው እንዳይል ሐምራዊ ነው፣ ሐምራዊ ነው እንዳይል አረንጓዴ። ላዩ ላይ በመርፌ የተጠቀጠቁ የሚመስሉ ነጥቦች በሰልፍ ቆመዋል፤ አንድም ከመስመር የወጣ የለም። ፋብሪካ የሠራውን ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ጌድዮን «ይቺን ደግሞ ማን ገጠማት?» አለ ለራሱ።

ከዚያ ወዲህ የእድሩ ቴሌግራም ላይ የሞት መልእክት ሲገባ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ጫማውን የሚያስረው ጌድዮን ሆነ። እድሩ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሚቀብር የመንደር እድር ስለሆነ ሁለት ጫካ ነበረው፤ የደብሩ ግቢ ለእንጉዳይ፣ ሙስሊም መቃብሩ ለጢንዚዛና ለፌንጣ። ቀብር በሌለበት ቀን ለመሄድም ሞክሯል። የደብሩ ጥበቃ በመቃብር መሃል ጎንበስ ብሎ ሲዞር አገኘውና ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው።

«የጅብ ጥላ» አለ ጌድዮን የዋህ ሆኖ።

«የጅብ ጥላ? ለምን ተብሎ? መተት ልትቀብር ነው እንጂ!» ብሎ እስከ በሩ ሸኘው። ከእድርተኛ ጋር ሲገባ ግን ማንም ምንም አይለውም።

የሚያነሳውን ፎቶ የሚለጥፍበት ድረ ገጽ አገኘ፤ የትም አገር ያለ ሰው ያየውን ነፍሳትና እንጉዳይ የሚያሳይበት፣ የሚያውቅ ደግሞ ስሙን የሚነግርበት። ለጌድዮን ብዙውን ጊዜ የሚመልስለት ፊንላንድ ውስጥ ያለ ጡረተኛ ፖስተኛ ነው። ፖስተኛው ስለ እንጉዳይ የማያውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ጌድዮን አገር የሚያውቀው ደግሞ ከጌድዮን ፎቶዎች ያየውን ብቻ ነው። አንድ ቀን «ይቅርታ አድርግልኝና፣ እናንተ ዘንድ መቃብር የሌለበት ጫካ የለም ወይ?» ብሎ ጽፎለታል።

ሰፈሩስ ምን አየ? ሰፈሩ ያየው፣ ሌላው ሰው ቆሞ ሲያወራ ከዛፍ ስር ብቻውን በጉልበቱ የሚንበረከክ ሰው ነው። ፊቱን ወደ አፈር ደፍቷል። ትንፋሹን ሲይዝ (ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥበት ነው) ትከሻው ይርገበገባል። ሲነሳ ሱሪው ጭቃ፣ ዓይኑ ቀይ ነው፤ ዓይኑ ከብየዳ ጭስ የተነሳ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነው። «የዚህ ልጅ አንጀት!» ማለት ተጀመረ። ወደ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የገቡ አባላት ሳይቀሩ «ስሞት ጌድዮን ይምጣልኝ» ይሉ ጀመር።

እውነቱን ከሚስቱ ከፅዮን ሌላ የሚያውቅ ሀምዳን ብቻ ነበር፤ በገዛ አጎቱ ቀብር ላይ እጅ ከፍንጅ ይዞታል።

«ወላሂ አንተ ሰው አታፍርም! ሰው አፈር ሲያለብስ አንተ ፌንጣ ታሳድዳለህ?»

«መዝግበኝ ታዲያ።»

ሀምዳን አሰበበት። «ደንቡ 'ይገኝ' ነው የሚለው፤ 'ያልቅስ' አይልም» አለና ከስሙ ፊት ምልክት አደረገ።

ነገሩ እንዲህ እያለ እስከ ዘንድሮ ሐምሌ ዘጠኝ ዘለቀ። ያን ቀን የተቀበሩት ጋሽ እንግዳወርቅ ነበሩ፤ ጡረተኛ፣ ዝምተኛ፣ መንደሩ ውስጥ የተበላሸ ራዲዮ ሁሉ የሚላክላቸው ሰው። ጌድዮን ከሰላምታ አልፎ አያውቃቸውም። ከመቃብሩ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ወይራው ስር፣ በወደቀ ቅጠል ላይ የቆመ እንጉዳይ አየ። እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። ግንዱ እንደ ፈረስ ጭራ ፀጉር ጥቁርና ቀጭን፣ ባርኔጣው እንደ ጃንጥላ የተሸነሸነ፣ ቀለሙ የእንቁላል አስኳል፣ መጠኑ የሸሚዝ ቁልፍ። ተንበረከከ። አንድ ፎቶ ከላይ፣ አንድ ከጎን አነሳ። ከታች ሊያነሳው ወረንጦውን አውጥቶ ትንፋሹን እንደያዘ አንድ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

እትዬ ወለተጻድቅ ናቸው፤ የሟች ባለቤት። ደጋፊዎቻቸውን ሴቶች ትተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ በዛፎቹ መሃል መጥተዋል።

«ተነስ ልጄ» አሉት። «እኔ እንኳ ተነስቻለሁ።»

ተነሳ። ወረንጦውን እጅጌው ውስጥ ከተተ። ጎንበስ ብለው የጉልበቱን ጭቃ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና ክንዱን ይዘው ከመቃብሩ ራስጌ፣ ከዘመድ ተርታ አቆሙት። እዚያ ቆሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብር ላይ እውነተኛ እንባ አነባ፤ ከሐዘን ይሁን ከኀፍረት እሱም አልለየውም።

ፎቶዎቹን በማግስቱ ለጠፈ። ፖስተኛው የመለሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

«ሆዱን ካላሳየኸኝ ስሙን ልነግርህ አልችልም። ግን እሱን ተወውና፣ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ከባርኔጣው ጠርዝ ስር የወጣችው እግር የማን ናት?»

ጌድዮን ፎቶውን አጎላው። እውነትም እግር አለች። አንዲት። ከፀጉር የቀጠነች፣ ቢጫና ጥቁር የተፈራረቀባት፣ ጫፏ ላይ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ያላት። ባለቤቱ ከጃንጥላው ውስጥ ተደብቆ እግሩን ብቻ እንደ ዘነጋ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ ጌድዮን ሰው አልሆነም። የሰው ስልክ ፈቶ፣ ለመግጠም ረስቶ፣ እግሯን ያያል። ምሳ ላይ ያያል። ፅዮን አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች በትከሻው ላይ አሻግራ አየችና «ይህን ያህል የምታፈጥበት የሴት እግር ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለችው። «ለዘመድ እንኳ ለመንገር ይመቸኝ ነበር። አሁን ምን ብዬ ነው የምከስህ?»

«ግን የማን ትመስልሻለች?»

ፅዮን ቢላዋዋን ይዛ ጠጋ አለች። «ቆይ ወዲህ አጎላው» አለች። ከዚያ ራሷን ታዘበችና «ሂድ ወዲያ!» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ፖስተኛው አንድ ተስፋ ሰጥቶታል። ይህ ዓይነቱ እንጉዳይ ፀሐይ ሲመታው ተጨማዶ ይጠፋል፤ ደህና ዝናብ ሲያገኝ እዚያው ይዘረጋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ዝናብና ወደ ግቢው የሚያስገባ ቀብር ነው። ጌድዮን በሰው ላይ ሞት አልተመኘም። ግን የሰፈሩን አዛውንት ጤና ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ መጠየቅ እንደጀመረ ራሱም ልብ ብሏል።

በዚህ መሃል ነው የሀምዳን ፊት በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቅ ያለው።

«እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። አጀንዳ ሦስት የዳኛ ምርጫ። ጋሽ መኳንንት ጉልበቴ አልቻለም ብለዋል። እጩው አንድ ነው።»

«ማነው ምስኪኑ?»

ሀምዳን ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ ወደ እሱ ቀሰረ።

«አትቀልድ።»

«እትዬ ወለተጻድቅ ናቸው የጠቆሙህ። ማን ይቃወማቸዋል?»

ጌድዮን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የእድር ዳኛ ማለት በየቀብሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከዘራ ይዞ፣ ከመቃብሩ ራስጌ የሚቆም ሰው ነው። ዳኛ ዛፍ ስር አይሄድም። ዳኛ ጎንበስ ካለ ወድቋል ተብሎ ውሃ ይመጣለታል።

«ለስንት ጊዜ ነው?»

«ጋሽ መኳንንት የተመረጡት 'ለጊዜው' ተብለው ነው» አለ ሀምዳን። «ሃያ ሁለት ዓመታቸው።»

«አልፈልግም እላለኋ።»

«ለምን ይሉሃል። ምን ትላለህ?»

«እውነቱን።»

«ተናገር እሺ። ሰፈሩ ይስቅብሃል፣ ይረሳል። እሳቸውስ? ለባሌ ያለቀሰ ሰው ብለው ነው የያዙህ። እንባ አልነበረም፣ የጅብ ጥላ ነው ልትላቸው ነው?»

ጌድዮን በልቡ አሰላው። ቢቀበል ያቺ እግር የማን እንደሆነች ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን ከራስጌ ይቆማል፤ ያውም በሐሰት። ባይቀበል ደግሞ ጉልበቱን በነጠላቸው የጠረጉለትን ሴት በሕዝብ ፊት ያዋርዳል።

እሁድ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። አዳራሽ ይባል እንጂ ድንኳኑ፣ ጎላ ድስቱና አግዳሚው የሚከማችበት ቆርቆሮ ቤት ነው። አጀንዳ አንድና ሁለት እንደ ወጉ በጭቅጭቅ አለፉ። ሦስተኛው ላይ እትዬ ወለተጻድቅ በጥቁር ልብሳቸው ተነሱ።

«እኔ ብዙ አልናገርም» አሉ። «እንግዳወርቅ ሲቀበር ሁላችሁም መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ። ግን ቆማችሁ ነበር። ይህ ልጅ ዘመዱ አይደለም፣ ብድርም የለበት፤ ሰው እንዳያየው ከዛፍ ስር ተደብቆ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሰው እንዳያየው! ለእኔ ባል በእውነት ያዘነለት ካለ እሱ ነው። ይኸው ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጌድዮን ተነሳ።

«እኔ… አይገባኝም» አለ።

«ይኸው ትሕትና!» አሉ ጋሽ መኳንንት፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው። «እኔም ያኔ እንዲሁ ብያለሁ። ሥርዓቱ ነው። ቀጥል ልጄ፣ ሁለቴ እምቢ ይባላል።»

«ጋሽዬ፣ ትሕትና አይደለም። ሳለቅስ አልነበረም። የጅብ ጥላ ፎቶ እያነሳሁ ነበር።»

ጭብጨባው ደመቀ። አንዲት ሴት ከኋላ «ራሱን ሲያዋርድ አያችሁ? ጻድቅ እኮ ነው!» አለች።

እውነት በቃል አልገባ ሲል ማስረጃ ይቀርባል። ጌድዮን ስልኩን ከፍቶ ሁለት ዓመት ያነሳውን ፎቶ ሁሉ አወጣና ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠው ለገንዘብ ያዡ ለኢብራር ሰጠው። «እየው። አስተላልፍ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጀመሪያ «እውነትም የጅብ ጥላ ነው እኮ» የሚል ጉርምርምታ። ከዚያ አንድ ሰው በሁለት ጣቱ ፎቶውን አጎላ፤ ግን እንጉዳዩን አልነበረም።

«ቆይ፣ ከኋላ ያሉት… ጋሽ መኳንንት ናቸው እንዴ?»

ናቸው። ከአንዲት ቀይ እንጉዳይ ጀርባ፣ ጋሽ መኳንንት የሰው ሐውልት ተደግፈው፣ ከዘራቸውን አቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። በሚቀጥለው ፎቶ ከፌንጣዋ አንቴና መሃል ኢብራር ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በሐዘን ሳይሆን በጎል፣ ጭንቅላቱን ይዟል። ሌላው ላይ አንድ አባል በሌላ አባል ትከሻ ላይ የቤት ካርታ ዘርግቶ ያሻሽጣል። የሁለት ዓመት ቀብር እንዳለ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት፣ ከየእንጉዳዩ ጀርባ ቁጭ ብሏል። ኢብራር ስልኩን ሊያስመልስ እጁን ሲዘረጋ ሌላው አሸሸ። ሀምዳን ቃለ ጉባኤው ላይ አቀርቅሮ ትከሻው ይርገበገባል፤ በዚህ ሰዓት ቢያዩት እሱንም ዳኛ ያደርጉት ነበር።

«ስልኩ ይመለስ!» አሉ ጋሽ መኳንንት። «ይህ አጀንዳ ውስጥ የለም!»

«እኔ ጋ ይምጣ» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ።

ስልኩ መጣላቸው። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፣ አጸዱ፣ አደረጉ።

«የእንግዳወርቅ ቀን የቱ ነው?»

ጌድዮን ሄዶ አወጣላቸው። በጥድፊያ ሁለቴ አለፈው።

«ይቺ ናት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለይቺ ነው የተንበረከክከው።»

«አዎ።»

«ለእንግዳወርቅ አይደለም።»

«አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ።

«እግር አላት» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ከስሯ እግር ወጥቷል። አታይም? የማን ነው?»

ጌድዮን ራሱ ሳይነገረው ያላያትን እግር ነው ያዩት። «እሱን ነው እኔም ያላወቅኩት» አለ በቀጭን ድምፅ።

ስልኩን መለሱለት። «ጥቆማዬን አንስቻለሁ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ሲያልፉ ፊቱን አላዩትም።

ጋሽ መኳንንት ለጊዜው ዳኛ ሆነው ቀጠሉ። ጉባኤውም በሙሉ ድምፅ አዲስ አንቀጽ አጸደቀ፤ አንቀጽ ሃያ ሁለት። «በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከሟች ቤተሰብ በቀር ማንም አባል መንበርከክም ሆነ ስልክ ወደ መሬት መደገን አይችልም።»

የዚያ ወር ዝናብ ጌድዮን ላይ ነው የዘነበው። ሰላምታ ቀዘቀዘበት። ስልክ ለማስጠገን የሚመጣ ሰው «ውስጡ ያለውን ፎቶ እንዳታይ» እያለ ይሰጠዋል። ከሁሉም የከበደው ግን እትዬ ወለተጻድቅ በሱቁ በር ሲያልፉ ወደ ማዶ መሻገራቸው ነው። ይቅርታ ሊጠይቅ ቤታቸው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሳያንኳኳ ተመልሷል። እግሯንም ማየት ተወ። ማለት በቀን አንዴ ብቻ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ወርዶ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ግድም ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«ጌድዮን ነህ? ቁጥርህን ሀምዳን ነው የሰጠኝ።» የእትዬ ወለተጻድቅ ድምፅ። «ወጥታለች።»

«ማን?»

«ማን ይሁን! ያቺ የጅብ ጥላህ። ቶሎ በል። ዝናቡ እንዳይጥላት ጃንጥላዬን ደፍቼባት ነው ያለሁት፤ እኔ እየራስኩ ነው።»

ጌድዮን ጫማውን ባጃጅ ውስጥ ነው ያሰረው።

የደብሩ ጥበቃ ከሩቅ አይቶት ሊነሳ ሲል፣ ከዛፎቹ መሃል «የእኔ እንግዳ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። እትዬ ወለተጻድቅ ወይራው ስር ቆመዋል። ጥቁር ጃንጥላቸው መሬት ላይ ተደፍቷል፤ እሳቸው ፌስታል ራሳቸው ላይ አስረዋል።

«እትዬ፣ እኔ…»

«ይቅርታ ልትለኝ ከሆነ ዝም በል። አልማርኩህም» አሉት። «እሱን በኋላ እናወራለን። በየጠዋቱ እዚህ የምመጣው ለእንግዳወርቅ ነው። ከዚያች እሁድ ወዲህ ግን፣ እሱን ተሳልሜ ስጨርስ ዓይኔ ወደዚህ ይሄዳል። ተናደድኩ። ሰው በሐዘኑ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያስባል? እንግዳወርቅ ደግሞ ትዝ አለኝ። ራዲዮ ሲፈታ እህል አይቀምስም ነበር፤ 'ምኑ እንደሆነ ሳላውቅ አልበላም' ይላል። ይቺን እግር ቢያይ፣ የራሱን ቀብር ትቶ ይመጣ ነበር።» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ምን ትገተራለህ? ተንበርከክ እንጂ!»

«አንቀጽ ሃያ ሁለት…»

«ከእኔ ጋር ነህ።»

ጃንጥላውን ቀስ ብሎ አነሳው። አለች። የዚያኑ ቀን ቀለም፣ የዚያኑ ቀን ሽንሽን፤ አጠገቧ ደግሞ ሦስት ታናናሾች ወጥተዋል። ጌድዮን ተንበረከከ። እትዬ ወለተጻድቅ ፌስታሉን ከራሳቸው ፈተው መሬት ላይ አነጠፉና በእሱ ላይ ተንበረከኩ። ጌድዮን ሌንሱን ሰካ። እሳቸው በራሳቸው ስልክ መብራት አበሩ። በወረንጦው ጫፍ የባርኔጣዋን ጠርዝ፣ የሕፃን ዓይን ሽፋን እንደሚገልጥ ሰው፣ ገለጠ።

ሆዷ ነጭ ነው፤ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ከመሃል ወደ ዳር የተዘረጉ ጥቂት ሽንሽኖች አሉት። ከሁለቱ ሽንሽኖች መሃል፣ ራሱን ወደ ግንዱ ቀብሮ፣ የምስር ክክ የሚያህል ጠይም ጢንዚዛ ተኝቷል። እግሮቹ ቢጫና ጥቁር ናቸው።

«ቤቱ ነው» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ በሹክሹክታ። «ጣሪያ ሠርታለት ከስሯ ይኖራል። ወይስ እየበላት ነው?»

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል።»

«እንደ ተከራይ በለኛ። ስሙ ማነው?»

«ገና አልታወቀም። ስም ለሚነግረኝ ፊንላንድ ላለ ሰው ልኬ ነው የማውቀው።»

«ዕድለኛ ነው። ስም ከሌለው ስም ጥሪ ላይ ቀረ ተብሎ አይቀጣም።» ጠጋ አሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አምስት። አምስት እግር ነው ያለው።»

«ስድስት ነው የሚሆነው እትዬ፤ ሁሉም ስድስት ነው።»

«እኔ ዓይን የለኝም? ቁጠር እስቲ!»

ጌድዮን ቆጠረ። አምስት። ግራው በኩል የመጨረሻዋ የለችም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና ብለው ተያዩ፤ በአንድ ጊዜ ደግሞ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በዓይናቸው ያስሱ ጀመር።

«ጌድዮን!» የሚል ድምፅ ከበላያቸው ወረደ። ጋሽ መኳንንት ናቸው፤ ለጋሽ እንግዳወርቅ አርባ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ሊያዩ መጥተዋል። ከዘራቸው ተነስታለች። «አንቀጽ ሃያ ሁለት!»

«ቤተሰብ ነው፣ አቶ መኳንንት» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ከዘራዋ ወረደች። ጋሽ መኳንንት ሁለት ሰው፣ በዝናብ፣ ከመቃብር አጠገብ፣ ፊቱን አፈር ላይ ደፍቶ አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

«አሜን» አሉ ሁለቱም።

ጋሽ መኳንንት ሊሄዱ ዞሩ። አንድ እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ተመለሱ።

«ግን… ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«እግር» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ።

«የማን እግር?»

«የማን እንደሆነ አውቀናል። የት እንደወደቀ ነው ያጣነው። ዞር ይበሉልን ደግሞ፣ ብርሃኑን ከለሉብን።»